ያለቀ ጥርስ

ነፋስ ከምዕራብ ጠጠር እየዘራ፣
የፓታጎንያ ሜዳ በአቧራ ሲያጓራ፣
ዶን ኤቫሪስቶን ገና ሳላየው ነው ያወቅሁት፣
ከሞተር ሳይክሉ ጩኸት።
በሦስተኛ ማርሽ ጉብታውን ወጣና፣
በሦስተኛ ማርሽ ወረደ እንደገና፣
በሦስተኛ ማርሽ ጓሮዬ ደረሰ፤
ፍሪሲዮን ጨብጦ፣ እግሩን እየጎተተ፣
አቧራ ለበሰ።

«ሩፊና፣» አለኝ፣ «ካምቢዮው ከዳኝ።»
ጎንበስ ብዬ ባይ ካምቢዮ የለ፤
ተቆላፊ ፒንሳ፣ አፉን እንደገጠመ፣
ከዘንጉ ጫፍ ላይ ነክሶ ተንጠልጥሎ አለ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ በጎቹን ሲያግድ
ያቺን ፒንሳ ነው በጫማው ሲረግጥ የከረመው፤
ወደ ላይ ሲላት ትሾልካለች፣
ወደ ታች ሲላት ትነክሳለች።
«እንደ ሟች ሚስቴ ናት፣» አለኝ፣
«ስትፈልግ ብቻ ነው የምትሰማኝ።»
ራሱ ካምቢዮው ከኮርቻው ቦርሳ
ወጣ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እንደ አሳ።

ወደ ብርሃን አነሳሁት። የቀለበቱ ውስጥ
ያ ሁሉ ጥርስ ጠፍቶ
እንደ እናቴ የሰርግ ቀለበት ለስልሷል።
«ጥርሱ አልቋል፣» አልኩት።
«የማን? የኔ?» ብሎ ሳቀ፤
ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ የማይገናኙ፣
የተኳረፉ ጎረቤቶች ይመስላሉ።

በረዶው እስኪያልፍ ብሎኑ ላልቶ ከረመ፤
በሩብ ዙር ቁልፍ በዳነ፣ በታከመ።
ግን በግ ይወልዳል፣ አጥር ይወድቃል፣
ለሩብ ዙር ቁልፍ ማን ጊዜ ይተርፈዋል?
ብረትን ጉልበት አይጨርሰውም፤
መወዝወዝ ነው እንጂ፣ በየእርግጫው፣
እንደ አይጥ፣ ሌሊት ሌሊት የሚበላው።

ኦስማር በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ፣
የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«በይጂውና ተገላገይ!» አለ።
ኦስማር እሳት ይወዳል፤ በር አይል፣ አልጋ አይል፤
አንዴ የውሻውን ሰንሰለት ከምሰሶው ጋር በይዶ
ውሻው ሞተ፣ ሰንሰለቱ እስከ ዛሬ አለ።
እምቢ አልኩ። ከዘንጉ ኋላ
ዘይት የሚያቅብ ላስቲክ አለ፣ እሳት የማይችል፤
ዘንጉም አንድ ቀን መውጣት ያምረዋል፤
ለተበየደ ነገር ደግሞ መፍቻ አልተሰራም።

ዘንጉን በናፍጣ አጠብኩ።
ሦስት ማዕዘን ሊማ ይዤ፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ፣
የተጋደመውን አቃናሁ፣ የቀረውን አተረፍኩ፤
ሃያ ነው፣ ሃያ ሁለት፣ ቁጥሩን ሊማው ሰረቀኝ።
የቀለበቱን ስንጥቅ በሰጌቶ አሰፋሁ፣
ብሎኑ ሲጠብቅ ከንፈሩ ሳይገናኝ
ዘንጉን አንቆ እንዲይዝ።
ከምሳዬ የሰርዲን ቆርቆሮ ቀጭን ሪባን ቆረጥኩ፣
የአሳው ዓይን እንደተሳለበት፣
በዘንጉ ዙሪያ ጠቀለልኩት፣
ካምቢዮውን ሰክቼ በአዲስ ብሎን አጠበቅሁ፤
ጥርስ ላጣ ብረት ሰው ጥርሱን ይነክሳል።

ሽማግሌው ቀረብ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣
«ለኔስ የተረፈ ቆርቆሮ የለሽም?»

በእጄ ገፋሁት።
ጠቅ። አንደኛ።
ጠቅ። ሁለተኛ።
ዶን ኤቫሪስቶ ዝም አለ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤
ቤተ ክርስቲያን እንኳ አያወልቀውም ይባላል።

ክፍያው ግማሽ ጠቦት፣ የቀረው በጎቹ ሲሸለቱ።
ፒንሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቷት ሄዶ
ከበሩ ተመለሰ፣ ኪሱ ከተታት፤
«ሰርዲን አላምንም፣» አለ።

በሩ ላይ ቆሜ፣ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ፣
በጆሮዬ ተከተልኩት።
አንደኛ፣ እስከ አጥሩ።
ሁለተኛ፣ እስከ ደረቁ ወንዝ።
ሦስተኛ
ላይ ቆየ። መንገዱ እንደ ክር ተወጥሮለት፣
ሜዳው ተዘርግቶለት፣
ሦስተኛ ላይ ይጮኻል።
እግሩ ረስቶ ይሆን? ወይስ ፈርቶ?
ሦስት ሳምንት ለእግር ረጅም ዘመን ነው።
«አንሳው፣» አልኩ ለነፋሱ፣ «አንሳው እንጂ፣ ሰውዬ!»
ኦስማርም ከአጥሩ ማዶ ጆሮውን አዘንብሎ
እሳቱን አጥፍቶ ቆመ።

ጠቅታውን አልሰማሁም።
ከጉብታው ወዲያ፣ አቧራው ሊውጠው ሲል፣
ድምፁ ብቻ ወፈር አለ፣ ዝግ አለ፣
አራተኛን አገኘ መሰለኝ፣
ነፋሱን በደረቱ እየተቀበለ።